ሞምባሳን በአንድ ቀን፦ ተማሪዎች ይዞ ለሚሄድ

ለሞምባሳ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ዕቅድ ስታወጡ የመጀመሪያው ሥራ መሰረዝ ነው። የዲያኒ አሸዋ ይሰረዝ፤ ሄዶ መመለሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ሃለር ፓርክም ከነቀጭኔዎቹ ይሰረዝ፤ ቀጭኔ ለማየት ወደብ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። በሞይ ጎዳና ላይ የቆሙት፣ ፖስት ካርዱ ሁሉ የሚያሳያቸው ግዙፍ የዝሆን ጥርሶች ከመኪና መስኮት ታይተው ይለፉ። የሚተርፋችሁ አንድ ምሽግ፣ አንድ አሮጌ ሰፈር፣ አንድ ገበያና ሁለት ወደብ ነው። እሱም ለአንድ ቀን ይበዛል።

ከመነሳታችሁ በፊት ለተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ይዘውት የሚዞሩት አንድ ጥያቄ ስጧቸው፦ በዚህ በር ማን ገባ፣ ቀረጡንስ ማን በላ? ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ ስለ ባሕር በር ሲወራ እየሰማ ያደገ ነው፤ ወደብ በዓይኑ ያየው ግን ጥቂቱ ነው። ጥያቄው ካልተሰጠው ምሽጉ የድንጋይ ክምር፣ መርከቡም የፎቶ ጀርባ ሆኖበት ይመለሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይያያዝ። የኬንያ ጠረፍ የወባ አገር ስለሆነ፣ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው ከመሄድ በፊት ነውና። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እናቶች ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ መክተት ስለሚወዱ፣ ይህን ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ። የጨርቅ ከረጢት ይዘጋጅ።

ከናይሮቢ በባቡር ውረዱ። ማዳራካ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ 470 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምስት ስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል። መስመሩ የፃቮን ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ የተሰረዘችው ቀጭኔ በመስኮት ትካሳለች። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው፤ የቡድን ከሆነ ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ነው። ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ። በዚያው ዕለት ጠዋት ከናይሮቢ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ከተማ ማየት የሚባለው ነገር፣ በሞምባሳ ሙቀት ልጆቹን ማንገላታት ነው። ከወራቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቀዝ ይላል፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ነው።

የስልክ ገንዘብ፣ ኤም-ፔሳ፣ ያለው አንድ ሰው በቡድኑ ውስጥ ይኑር። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው መግቢያ በር ላይ ሊቸገር ይችላል። የምሽጉ ሙዚየም ለኬንያዊ፣ ለነዋሪና ለውጭ ጎብኚ የተለያየ ዋጋ አለው፤ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያዙና የተማሪ ዋጋ ጠይቁ።

ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት፣ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ከፋፍሏቸው። የአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ጠባብ ናቸው፤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ላይ ሲገባ ነዋሪው ከደጁ ይነሳል፣ ተማሪውም ከፊቱ ካለው ተማሪ ጀርባ ሌላ ነገር አያይም። ለየቡድኑ አለቃ ሹሙ፤ አለቃው የሚጠየቀው ስለ ቁጥር ብቻ ይሁን።

አሁን ደግሞ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ቀላል ነገር። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፦ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ ይጀምራል። ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ «ሁለት ሰዓት» ካላችሁ የእናንተው የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ፈረንጅ ጎብኚው ጠፍቶት ሲያሰላ እናንተ ደርሳችሁ ትቆማላችሁ። የባቡሩ ትኬት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ከያዛችሁም በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን፤ ሴትም ወንድም። አሮጌው ከተማ የሙስሊም ሰፈር ነው፤ አርብ እኩለ ቀን ላይ በመስጊዶቹ ደጅ አትርመስመሱ፤ በረመዳን ከሄዳችሁም ቀን በመንገድ ላይ ምግብ አይበላ። ሰላምታ ደግሞ አንድ ታላቅ ቃል አስጠኗቸው፦ ለትልቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፤ ሽማግሌው «ማራሃባ» ብለው ይቀበላሉ። ለታላቅ ብድግ ብሎ ያደገ ልጅ ይህን ለመልመድ ቀን አይፈጅበትም፤ እሱን ካለ በኋላ የሚከፈትለትን ፊት ያያል።

ምሽጉ

ማለዳ ማሀምሪ ከሚባለው፣ ሄል ከገባበት ጣፋጭ ጥብስ ዳቦና በኮኮናት ወተት ከተሠራው የእርግብ አተር ጋር ቁርስ ብሉ። ከዚያ የፎርት ጂሰስ በር እንደተከፈተ ግቡ። ቀን ከገፋ ግቢው ውስጥ ጥላ አይገኝም።

ከመግባታችሁ በፊት ግን ወደ ባሕሩ በኩል ወርዳችሁ ግድግዳውን ከሥር ቀና ብላችሁ እዩት። የታችኛው ክፍል ግንብ ሳይሆን እዚያው የነበረ የኮራል ዓለት ነው፤ ጠርበው ግድግዳ አደረጉት፤ በላዩም ገነቡ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ያሠሩት ነው። ነዳፊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። ጥበቡን በቃል አታስረዱ፤ ለየቡድኑ ይህን ሥራ ስጡ፦ ከአንዱ የማዕዘን ግንብ ላይ ቁሙ፣ ከጎረቤቱ ግድግዳ ሥር ጠላት ተደብቆ ሊቆም የሚችልበት ቦታ ፈልጉ። ይፈልጋሉ፤ አያገኙም። የማዕዘኖቹ ሹል ቅርጽ ለምን እንደሆነ ያኔ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያ ያለውን። ዋጋው ከመጀመራችሁ በፊት ይቆረጥ። ምሽጉ ከሰማይ ሲታይ የሰው አካል ይመስላል የሚለውን እሱ ይነግራችኋል። እናንተ ግን አስጎብኚው ለማንኛውም ጎብኚ የማይነግረውን ጨምሩ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እዚህ ደርሶ ነበር፤ ሞምባሳ በበጎ ዓይን ስላላየችው ወደ ማሊንዲ አለፈ። በ1505 የፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ መርከቦች መጥተው ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት። በእኛ የታሪክ መጽሐፍ ግን ዳ ጋማ የሚለው ስም የሚታወቀው በሌላ ነው፦ የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ደጋ የወጣው የግራኝ አሕመድን ጦር ለመውጋት ነበር፤ በዓመቱም ሞተ። እኛ ዘንድ ረዳት ተብሎ የተጻፈው ፖርቱጋል እዚህ ጠረፍ ላይ በእሳት ይታወሳል። በግቢው መካከል አስቀምጣችሁ ይህን ንገሯቸውና ዝም በሉ፤ ክርክሩን እነሱ ይጀምሩታል።

እዚያው ተቀምጠው ሳሉ የዩሱፍ ቢን ሐሰንን ታሪክ ጨምሩላቸው፤ ከሁሉም የሚይዛቸው እሱ ነው። የሞምባሳ ሱልጣን ልጅ ነበር። አባቱ ተገደሉ፤ ፖርቱጋሎች ልጁን ጎዋ ወስደው አጠመቁት፣ ዶም ጄሮኒሞ አሉት፣ አስተማሩት፣ ከዚያም ንጉሥ አድርገው መለሱት። በ1631 ወደዚህ ምሽግ ገብቶ አዛዡን በጩቤ ወጋው፤ ምሽጉንም ያዘ። በዓመቱ ጥሎት ወጣና የባሕር ወንበዴ ሆኖ ኖረ። በሁለት ዓለም መካከል ያደገ ልጅ የየትኛው ነው? ውጭ አገር የሚማሩ ተማሪዎች ከሆኑ ጥያቄው ለእነሱ ሩቅ አይደለም።

ኦማኖች ምሽጉን የከበቡት በመጋቢት 1696 ነው፤ የገቡት በታኅሣሥ 1698። ለሦስት ዓመት ሩብ ጉዳይ ማለት ነው። የተከበቡት በረሃብና በወረርሽኝ አልቀው በመጨረሻ ከውስጥ በሕይወት የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሊረዳቸው የመጣው ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና የተባለው መርከብ በ1697 ከምሽጉ ፊት ለፊት ሰጠመ፤ ከ1977 ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ያወጡት ዕቃ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። ሙዚየሙ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ የሸክላውን ስብርባሪ በሙሉ ማንበብ ተማሪውን ያደክማል። ይህን የመርከብ ዕቃና ወታደሮች በግድግዳ ላይ የሳሏቸውን ሥዕሎች አሳዩ። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 ቦታውን እስር ቤት አድርገውት እንደነበርም በአንድ አረፍተ ነገር ይነገር፤ ዩኔስኮ በ2011 መዝግቦታል።

ከመውጣታችሁ በፊት ከሰሜኑ ግንብ ላይ ወደ ማዶ አሳዩአቸው። ከውሃው ባሻገር ያለው ኛሊ ይባላል። እዚያ አንዲት ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ተቀብራለች፦ ሮዚነ ክራፕፍ። ባለቤቷ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል በ1844 ወደ ሞምባሳ መጣ፤ ሐሳቡም ኦሮሞዎችን በደቡብ በኩል ዞሮ መድረስ ነበር። በመጣ በወራት ውስጥ ወባ ሚስቱንና አራስ ልጁን ነጠቀው። እሱ ግን ቀረ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1849 የኬንያን ተራራ አይተው ለአውሮፓ ካወሩት የመጀመሪያው ሆነ። ሞምባሳ ለዚህ ሰው የኢትዮጵያ የጓሮ በር ነበረች። ወደ መቃብሩ ለመሄድ ጊዜ የላችሁም፤ ከዚህ ማሳየት ይበቃል።

አሮጌው ከተማ

ከምሽጉ ስትወጡ ንዲያ ኩ የሚባለውን ጎዳና ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ቡድኖቹ በአምስት በአምስት ደቂቃ ልዩነት ይነሱ፤ መገናኛው ማንድሪ መስጊድ ይሁን፤ በ1570 ተሠራ የሚባለው፣ ነጭ ሾጣጣ ሚናራ ያለው ነው፤ ከሩቅ ይታያል። ወደ ውስጥ መግባት በፈቃድ ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ ሦስት ነገር እንዲያዩ እዘዟቸው። የተቀረጹ የእንጨት በሮች፤ በረንዳዎች፤ ከየቤቱ ደጅ ያለው የድንጋይ መደብ። መደቡ ባራዛ ይባላል፤ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ወሬ የሚሰማው፣ ሽምግልና የሚያዘው እዚያ ነው። ሺካሞ የሚባለውም እዚያ ለተቀመጡት ነው። አንድ የቆየ ቤት ውስጥ ለመግባት ከታደሉ ክፍሉ ረዥምና ጠባብ መሆኑን ያስተውሉ፤ ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ነው፤ ክፍሉም እንጨቱ ከሚደርስበት በላይ አይሰፋም። ግድግዳው የኮራል ድንጋይና ኖራ ነው። ቤቱ ራሱ ከባሕር የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ፎቶ ሲነሳ ተጠይቆ ነው፤ ሴቶችን በተለይ።

ከመስጊዱ ወደ ውሃው ውረዱና አሮጌውን ወደብ እዩ። ለዘመናት ከዓረብ፣ ከፋርስና ከህንድ የመጡት ባለ ሸራ ጀልባዎች የቆሙት እዚህ ነው። የሚያመጣቸው ንፋስ ነበር፦ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ያመጣቸዋል፤ ከሚያዝያ በኋላ ከደቡብ የሚነፍሰው ኩሲ ይመልሳቸዋል። ነጋዴው በመካከሉ ወራት ይቀመጣል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ይሠራል። በየደጁ ያያችሁት የፊት ዓይነት ብዛት ምክንያቱ ይህ ነው። ተምርና ምንጣፍ ይገባል፤ የዝሆን ጥርስና የማንግሮቭ እንጨት ይወጣል፤ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ይህንን አትዝለሉት። መገበያያው ደግሞ አያቶቻችን ጠገራ የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ለቀኑ ጥያቄ መልስ መጻፍ እዚህ ይጀመር፤ ቀረጥ በይዎቹን በተራ ይዘርዝሩ፦ የሞምባሳ ሱልጣን፣ ፖርቱጋል፣ ኦማን፣ ማዝሩኢ የሚባሉት የከተማዋ ገዢዎች፣ ዛንዚባር፣ እንግሊዝ።

ቡና ሻጭ ታገኛላችሁ፤ ከሰል ላይ የተቀመጠ የናስ ጀበና ይዞ የሚዞር፣ በትንንሽ ስኒ የሚቀዳ። ቡናው መራራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝንጅብል አለበት። ከኦቾሎኒ ከረሜላ ጋር ነው የሚጠጣው። የእኛ ልጆች አንዱን ስኒ ጠጥተው ቡና የእኛ ነው የሚል ንግግር እንደሚጀምሩ አትጠራጠሩ፤ ሻጩ በፈገግታ ይሰማል።

ከምሳ እስከ ማታ

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጥላ ሥር ተቀመጡ። ምሳ ፒላው ወይም ቢሪያኒ ነው፤ የታማሪንድ ጭማቂ ጨምሩበት። ልጆቹ የሚጾሙ ከሆኑ በኮኮናት የተሠራ ባቄላና አትክልት በቀላሉ ይገኛል፤ ግን ቅቤና ሥጋ እንደሌለበት ጠይቁ። በዚህ ሰዓት ወደ ውጭ ሊያወጣችሁ የሚፈልግ አስጎብኚ ካለ እንቢ በሉ።

ማሪኪቲ ገበያ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታጥፉ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ እርድ፤ ለእናት የሚወሰድ ነገር ከዚህ የተሻለ የለም። መጀመሪያ ሦስት ሻጭ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ተከራከሩ። ለተማሪው የገንዘብ ጣሪያ አስቀድማችሁ ወስኑለት።

ከዚያ በትልቅ መኪና ወይም በባጃጅ ወደ ሊኮኒ ጀልባ። በአሥር ሰዓት ግድም ድረሱ፤ ከአሥራ አንድ በኋላ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ስለሚጎርፍ ቡድን ይዞ መግባት ከባድ ነው። ለእግረኛ ክፍያ የለም። ካሜራና ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። አንድ አስተማሪ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ አለቆቹ ከመግባታቸው በፊትና ከወጡ በኋላ ይቁጠሩ። ሁሉም በአንድ ጀልባ ይሻገር፤ ወደ ማዶ ደርሳችሁ በሚቀጥለው ተመለሱ። ጉዞው አጭር ነው፤ የምታቋርጡት ግን የኪሊንዲኒ ወደብ መግቢያ ነው፤ ትልቅ መርከብ ሲገባ ጀልባው ቆሞ ያሳልፋል።

ሁለቱን ወደቦች በአንድ ቀን ማየት ጥቅሙ እዚህ ይገለጣል። ጠዋት ያያችሁት ወደብ ለሸራ ጀልባ ይበቃ ነበር፤ የብረት መርከብ ሲመጣ ጥልቅ ውሃ ተፈለገ፤ ጥልቁ ውሃ በደሴቲቱ ሌላ ጎን ሆኖ ተገኘ። በ1896 የተጀመረው የኡጋንዳ ባቡር ከዚህ ተነስቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ፣ የከተማዋ ጉልበት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዞረ። አሮጌው ከተማ አሮጌ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው።

ከጀልባው ማረፊያ በእግር ወደ ማማ ንጊና ዳርቻ ሂዱ። ጥንታዊ የባኦባብ ዛፎች፣ በበርበሬና በሎሚ የሚበላ የካሳቫ ጥብስ፣ ጥሬ ኮኮናት፤ ከፊታችሁም የሚገቡና የሚወጡ መርከቦች። ተማሪዎቹን ሣሩ ላይ አስቀምጡና የቡድን መልሳቸውን ያንብቡ። ውይይቱ ከሞቀ ይህን ጣሉበት፦ እስከ 1963 ድረስ ይህ ዳርቻ፣ አሥር ማይል ስፋት ያለው የጠረፍ መሬት፣ በወረቀት ላይ የዛንዚባር ሱልጣን ነበር፤ እንግሊዝ በኪራይ ነበር የያዘችው። ኬንያ ነፃ ስትወጣ ሱልጣኑ በስምምነት ለቀቀ። ዛሬ ደግሞ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን በዚህ ወደብ ይጠቀማሉ። ከሰሜን በኩል በ2021 ሥራ የጀመረው የላሙ ወደብ ሲታቀድ ኢትዮጵያም ታስባበት ነበር። ባለቤት መሆን፣ መከራየትና ደንበኛ መሆን፤ ሦስቱ በምን እንደሚለያዩ ቡድኖቹ ይከራከሩ። እናንተ አትፍረዱ። አንድ ሰው ጽሑፉን ይያዝ፤ በሳምንት ውስጥ አምጡ የተባለ ሪፖርት ከኢንተርኔት ተቀድቶ ይመጣል።

በማታው ባቡር የምትመለሱ ከሆነ ጣቢያው ሚሪቲኒ ነው፤ ከደሴቲቱ ውጭ፣ በምሽት መኪና ጭንቅንቅ መንገዱ የሚረዝምበት። መኪናውን ማማ ንጊና ድረስ አስመጡት። ጣቢያው በር ላይ ሻንጣ መሬት ላይ ተደርድሮ በውሻ ይፈተሻል፤ የቅመሙን ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ፓስፖርቶቹ በአንድ አስተማሪ እጅ ይሁኑ፤ ሰልፉ ላይ ሲደርሱ በስም እየጠራ ያድል፤ መቀመጫ ሲይዙ መልሶ ይሰብስብ።